ስም አልጠራሁም

ስጦታው ስልኩን ከዴስኩ ሥር ይዞ ጮክ ብሎ ሲያነብ እፀገነት ቃላቱን አወቀቻቸው። ድምፁ የስጦታው ነው፤ ገና ሊጎረንን የሚታገል የወንድ ልጅ ድምፅ። ቃላቱ ግን የእህቷ የወይንእሸት ነበሩ።

«‹ልጅቷ ዓይነ ስውር አያቷን እጃቸውን ይዛ እየመራች ትገባለች› ይላል» አለ ስጦታው። «‹አያትየው ነጭ ጥምጥማቸውን እንደ ጠመጠሙ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። መድኃኒቱን የምትውጠው እሷ፣ ሰዓቱን የሚያስታውሱት እሳቸው። ቫይረሱ አብሯት ተወልዷል። እናቷንና አባቷን ወስዶባታል። እሷን ግን እስካሁን አላሸነፋትም።›»

የእረፍት ሰዓት ነበር። ከክፍሉ ጀርባ የተኮለኮሉት ልጆች ሳቃቸውን አቁመው እርስ በርስ ተያዩ።

«ቆይ» አለች ሀብትነሽ፣ «እኚህ የኛ የኔታ አይደሉም እንዴ?»

ቢቸና ውስጥ በልጅ ልጃቸው እጅ እየተመሩ የሚሄዱ፣ ነጭ ጥምጥም የማይለያቸው ዓይነ ስውር መምህር አንድ ብቻ ናቸው። የኔታ ወልደ ኪዳን ይባላሉ፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። የልጅ ልጃቸው አርሴማ ደግሞ እዚሁ አሥረኛ «ለ» ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል፣ ከእፀገነት ጋር በአንድ ዴስክ ነው የምትቀመጠው።

አርሴማ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች ያየ የለም። በእጇ የያዘችው የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑ ተከፍቶ እየተንጠባጠበ ነው።

ስጦታው ስልኩን ዝቅ አደረገ። አርሴማ ወደ ውስጥ ስትገባ ልጆቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፋ አድርገው ለቀቁላት። ዴስኳ ጋ ደርሳ ደብተሮቿን አንድ በአንድ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አልቸኮለችም። ዚፑ ግን አልዘጋ አላት፤ ስትስበው፣ ሲይዝባት፣ ስትስበው። እፀገነት ልታግዛት እጇን ዘረጋች። አርሴማ ቦርሳውን ሳብ አድርጋ አራቀችው።

«የእህትሽ ነው አይደል?» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ።

መልስ ሳትጠብቅ ቦርሳውን እንደ ተከፈተ አቅፋው ወጣች።

*

ወይንእሸት በሞጣ ከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ «ከነጩ ጋውን ኪስ» የሚል ገጽ አላት። መጀመሪያ ስለ ክትባትና ስለ ንጹሕ ውሃ አጫጭር ምክሮች ነበር የምትጽፍበት፤ ያን ጊዜ የሚያነቧት ዘመዶቿና የኮሌጅ ጓደኞቿ ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን በምጥ ስለመጣች ሴት ጻፈች። ሰው እያለቀሰ አነበበው። ከዚያ ወዲህ ምክሩ እያነሰ፣ ስለ ሰው የምትጽፈው እየበዛ ሄደ፤ ተከታዮቿም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሆኑ። «ሲስተር፣ ዛሬስ ምን አየሽ?» እያሉ ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ይጠይቋታል።

እፀገነት ደግሞ አራሚዋ ነበረች። ወይንእሸት ጽፋ ትልክላታለች፤ እሷ የፊደል ግድፈቱን ታርምና ትመልስላታለች። በዚህ ትኮራ ነበር። ያን ሰሞን ግን የቢቸና ኔትወርክ ሲሄድ ሲመጣ ስለ ሰነበተ ወይንእሸት ስጦታው ያነበበውን ጽሑፍ ሳታሳርም ለቀቀችው። እፀገነት ያየችው እንደማንኛውም ሰው ገጹ ላይ ነው። በማግስቱ የፊዚክስ ፈተና ነበረባት። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች፣ ስለ ጤና ጣቢያው ጠዋትና ስለ ወረፋው የሚሉትን፣ አነበበች። ሥሩ የተደረደረውን አስተያየት አየች። «የእህቴ ጽሑፍ ነው፣ አንብቡት» ብላ ወደ ክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ ላከችውና ወደ ፊዚክሷ ተመለሰች።

ስጦታው ጽሑፉን ያነበበ ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ መልእክቱን ከግሩፑ አጠፋችው። ከዚያ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ሞጣ ደወለች።

«ወይንዬ፣ የትናንቱን ጽሑፍ አጥፊው።»

«ምነው? ምን ሆነ?»

«ልጅቷ አርሴማ ናት። ከኔ ጋር ነው የምትቀመጠው።»

ከወይንእሸት ጀርባ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። «እኔ እኮ ስም አልጠራሁም» አለች። «ከየት እንደምትመጣም አልጻፍኩም። ዕድሜዋን እንኳ ቀይሬዋለሁ።»

«ዓይነ ስውር አያቷን እየመራች ብለሻል። ጥምጥማቸውን ሳይቀር ጽፈሻል። ክፍል ውስጥ ተነበበ፤ እሷ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው።»

«ክፍላችሁ ውስጥ ማን አመጣው?»

እፀገነት ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዞረች። «እኔ» አለች።

የወይንእሸት ድምፅ ለስለስ አለ። «ስሚኝ እፄ። ትናንት አንድ ሰው ጻፈልኝ። መድኃኒት ካቋረጠ ዓመት ሊሆነው ነው። ይህን አንብቤ ዛሬ ተመልሼ ጀመርኩ አለኝ። አንድ እሱ ብቻም አይደለም። እንዴት ላጥፋው?»

እፀገነት ይህ እውነት መሆኑን ታውቃለች፤ አስተያየቱን አይታዋለች።

ማታውኑ ጽሑፉ ተቀየረ። «አያት» የሚለው «አክስት» ሆነ፤ ጥምጥሙ ጠፋ። ነገሩ ግን ባሰ። አንዱ ልጅ የፊተኛውንና የኋለኛውን ፎቶ አንስቶ ጎን ለጎን ግሩፑ ላይ ለጠፈው። «እውነት ባይሆን ለምን ቀየረችው?» ብሎ ጻፈበት። በማግስቱ ወይንእሸት ጭራሹን ሰረዘችው። በዚያ ሰዓት ግን ፎቶው በየሰው ስልክ ውስጥ ገብቶ፣ ገበያው ውስጥ ደርሶ፣ ስልክ የሌላቸው ሴቶች እንኳ በቃላቸው የሚያወሩት ነገር ሆኗል።

*

አርሴማ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

የባዮሎጂ መምህሩ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ወሬው ጆሯቸው ገብቶ ኖሮ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስለ ቫይረሱ አስተማሩ። በመጨባበጥ እንደማይተላለፍ፣ አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመቀመጥ እንደማይተላለፍ። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው እንደማንኛውም ሰው ኖሮ፣ ሠርቶ፣ ወልዶ እንደሚያሳድግ። ተማሪው ሁሉ ደብተሩ ላይ ገለበጠው። ለፈተና ቢመጣ አንድም የሚሳሳት አልነበረም። ሆኖም ያን ቀን ወንበር አጥተው ለሁለት የሚሆነው ዴስክ ላይ ለሦስት የተጣበቡ ልጆች ነበሩ፤ ከእፀገነት ጎን ያለው ቦታ ባዶ እያለ።

«ለምን እዚህ አትቀመጡም?» አለቻቸው እፀገነት።

ስጦታው ዞር ብሎ አያት። ክፉ ልጅ አይደለም። ያን ቀን ካነበበ ወዲህ እሱም ሰላም የለውም።

«አንቺ እኛ ላይ ለምን ትቆጫለሽ?» አላት። «እኔ ያነበብኩት አንቺ የላክሽውን ነው። ጽሑፉ የእህትሽ፣ የላክሽው አንቺ። እኛ ምን አደረግን?»

ቤት ስትገባ እናቷ ወይዘሮ ይርጋነሽ ልብስ እየሰፉ ነበር። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህች የስፌት መኪና ነው። ፔዳሉን እየረገጡ፣ ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሱ ከገበያ የሰሙትን ነገሯት። አርሴማ ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ «አንቺ መጨረሻ ላይ ቅጂ» ብለዋታል። ለየኔታ በየተራ ምግብ ይልኩ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ምግቡን እንደ ድሮው በሳህን መላክ ትታ በፌስታል አድርጋ ልካለች፤ ሳህኑ እንዳይመለስባት።

«ወይንእሸት ክፉ አላሰበችም» አሉ በመጨረሻ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል። ከዚያ መኪናውን አቁመው ክሩ እስኪበጠስ ጎተቱት። «ግን አሁን ምን ይደረጋል?»

*

የየኔታ ጎጆ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው። እፀገነት ስትደርስ የቅኔ ተማሪዎቻቸው በየዛፉ ሥር ተቀምጠው የየራሳቸውን እያሰሙ ነበር። የኔታ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው። ኮቴዋን ሰምተው ቀና አሉ።

«ማነሽ?»

«እፀገነት ነኝ የኔታ። ከአርሴማ ጋር የምማረው።»

«የሲስተር እህት።»

«አዎ።»

«ተቀመጪ» አሉ፤ በመቋሚያቸው አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ ነካ አድርገው። «አርሴማ ውስጥ ናት። አትወጣልሽም። እኔንም እምብዛም አታናግረኝም።»

እፀገነት መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጀው የመጣችው ንግግር ነበር። አንዱም አልመጣላትም። «እኔ ነኝ የላክሁት» አለች ብቻ። «ሙሉውን ሳላነበው ነው የላክሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁና «ጽሑፉ አለሽ?» አሏት።

«ጠፍቷል የኔታ። ግን ፎቶው አለ።»

«እንግዲያው አንብቢልኝ። አገሩ ሁሉ ስለኔ ያነበበውን እኔ አላነበብኩትም።»

ስልኳን አወጣች። ቀስ ብላ ጀመረች። የጤና ጣቢያውን ጠዋት፣ ወረፋውን፣ አግዳሚውን፣ ልጅቷንና እሷ የምትመራቸውን አያት። የኔታ ዓይናቸውን ወደ ፀሐዩ አድርገው ሳይነቃነቁ አዳመጡ። እሷም ሙሉውን ስታነበው የመጀመሪያዋ ነበር። ወደ መጨረሻው ስትደርስ ስልኩን ዝቅ አደረገች።

«ቀጥዪ» አሏት።

«‹አንድ ቀን› ይላል፣ ‹ልጅቷ መድኃኒት ልትቀበል ወደ መስኮቱ ስትሄድ አያትየው ወደኔ ጠጋ አሉ። በሹክሹክታ፣ ‹ሲስተር፣ እኔ ቀድሜያት ብሞት ሰዓቷን ማን ያስታውሳታል?› አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።›»

ተማሪዎቹ ከዛፎቹ ሥር ማሰማታቸውን አላቋረጡም። የኔታ መቋሚያቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉ።

«ይህን አርሴማ እንዳትሰማ ብዬ ነበር ለእህትሽ የነገርኳት» አሉ። «እሷ እስክትርቅ ጠብቄ፣ በጆሮዋ። እህትሽ ቃል ታውቃለች። ያለችው ሁሉ ሆኗል፤ አንድም ውሸት የለበትም። ሞጣ ድረስ የምንሄደው እዚህ ሰው እንዳያውቅብን ነው። እኔ ግን የነገርኳት ለሷ ብቻ ነበር።»

እፀገነት ስልኳን አጥፍታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«አሁን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው» አሉ የኔታ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መውሰዱን ትታዋለች መሰለኝ። ወሰድሽ ወይ ስላት አዎ ትለኛለች። ስትወጣ ብልቃጡን አንስቼ እነቀንቀዋለሁ፤ ድምፁ እንደ ትናንቱ ነው። አይቀንስም።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ሁሉ ወደሷ ዞሩ። «ደግሞ ሰማው የሚባለው አጎቷ ከደብረ ወርቅ መጥቶ ነበር። የእናቷ ወንድም ነው፤ ቁጡ ነው። ተው ብለው አልሰማኝም። ዛሬ ጠዋት ሞጣ ሳይሄድ አልቀረም። ለእህትሽ ደውዪላት፤ ትጠንቀቅ።»

እፀገነት እዚያው ቆማ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ማንም አላነሳም። ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ ስልኩን ያነሳችው ሴት ወይንእሸት አልነበረችም።

*

በማግስቱ እፀገነትና እናቷ ሞጣ ገቡ።

ወይንእሸት በተከራየችው ክፍል ውስጥ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቀኝ እጇ ከክርኗ እስከ ጣቶቿ በጄሶ ታስሯል። ፊቷ አብጧል። እናቷን ስታይ ለመሳቅ ሞከረችና አለቀሰች።

«የጤና ጣቢያው በር ላይ ነበር የቆመው» አለች ስትረጋጋ። «‹ሲስተር ወይንእሸት አንቺ ነሽ?› አለኝ። አዎ አልኩት። ታካሚ መስሎኝ፣ ደህና ሰው መስሎኝ። ዱላውን ሲያነሳ ነው እጄን የዘረጋሁት። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እያየ፣ ‹የኛን ልጅ ገመና ማን ሽጪ አለሽ› እያለ መታኝ። ጥበቃው ባይደርስ ይገድለኝ ነበር።»

ሰማው ፖሊስ ጣቢያ ታስሯል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሊጠይቋት መጥተው ነበር። ካዘኑላት በኋላ ገጹ እንዲዘጋ፣ የታካሚ ነገር በመጻፏም ጉዳዩ እንደሚጣራ ነገሯት። ወይንእሸትን ከዱላው እኩል ያመማት ግን ከዚያ በኋላ የመጣች ባልደረባዋ ያለቻት ነው። ዛሬ ጠዋት መድኃኒት ለመውሰድ ቀጠሮ ከነበራቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቀርተዋል። አንዷ በር ድረስ መጥታ ተመልሳለች። ለጥበቃው «እኔንም እንዳይጽፉኝ» ብላው ሄደች።

ወይንእሸት ይህን ስትናገር ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የምታየው። ከዚያ በግራ እጇ ስልኳን ከትራሷ ሥር አወጣችና ለእፀገነት ሰጠቻት።

«በግራ እጄ አልቻልኩም። አንቺ ጻፊልኝ።»

«ምን?»

«የሆነውን። ነርስ ሥራ ቦታዋ ላይ በዱላ መመታቷን። ሰው ይወቀው። ነገ ሌላዋን አይመቷትም?»

«ይጻፍ እንጂ» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ። ነጠላቸውን አጥብቀው አጣፉ። «ልጄን ሰብሯት ዝም ልንለው ነው? ይጻፍ።»

እፀገነት ገጹን ከፈተችው። ወይንእሸት ዓይኗን ጨፍና መናገር ጀመረች፤ ሁልጊዜም እንደምትጽፈው፣ የሚያምር አድርጋ። «‹ዛሬ የምጽፍላችሁ በእህቴ ጣቶች ነው። የኔ ጣቶች ጄሶ ውስጥ ናቸው።›» እፀገነት ጻፈች። «‹ጥፋቴ አንዲት ጎበዝ ልጅን ማድነቄ ነበር። የልጅቷ አጎት—›»

እፀገነት ጣቷን አነሳች።

«ጻፊ እንጂ።»

«አርሴማን ጠይቀሻታል?»

ወይንእሸት ዓይኗን ገለጠች። «ስሟን አልጠራም።»

«ያኔም አልጠራሽም።»

«እፀገነት» አሉ እናቷ።

«የተመታሁት እኔ ነኝ» አለች ወይንእሸት። «እጄ ነው የተሰበረው። ይሄኛው የኔ ታሪክ አይደለም? ይሄንንም ለመጻፍ ሰው ላስፈቅድ?»

«ያንቺ ነው» አለች እፀገነት። እውነቷን ነበር። «ግን እሷን ሳትነኪ እንዴት ትጽፊዋለሽ? የኔታ በጆሮሽ የነገሩሽን ነገር አርሴማ አንብባዋለች። ቀድሜያት ብሞት ያሉትን። እኔ ነኝ ትናንት ለሳቸው ያነበብኩላቸው።»

ወይንእሸት ጄሶውን በግራ እጇ አቀፈችው።

«መድኃኒቷን ትታዋለች» አለች እፀገነት።

ወይንእሸት ከተደገፈችበት ቀና አለች። ቀና ስትል ጄሶው አልጋው ጠርዝ ላይ ተመታና ፊቷ ተጨማደደ፤ ግን ስለ እጇ አልተናገረችም። «ከመቼ ጀምሮ?»

«አላውቅም። የኔታ ብልቃጡን ሲነቀንቁት አይቀንስም አሉ።»

«ትኩሳት አላት? ታስላለች? አይተሻታል?»

«አልወጣችልኝም።»

ወይንእሸት ስልኩን ከእጇ ተቀበለቻት። በእህቷ ጣቶች የተጻፈውን ደጋግማ አየችው። ከዚያ በግራ አውራ ጣቷ ፊደሎቹን ከመጨረሻው ጀምራ አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። ጊዜ ፈጀባት። ወይዘሮ ይርጋነሽ አንድ ነገር ሊናገሩ አሰቡና የልጃቸውን ፊት አይተው ተዉት።

ሲያልቅ ወይንእሸት ሌላ ከተማ ወዳለ ጤና ጣቢያ ደወለች። «አንድ ታካሚ ወደ እናንተ ላዛውር ፈልጌ ነበር» ስትል ተሰማች። ከዚያ ቆም ብላ እናቷንና እህቷን ተራ በተራ አየቻቸው። «ትንሽ ደጅ ትወጡልኝ?» አለቻቸው።

*

ወይንእሸት ቢቸና የመጣችው መንገድ መሄድ የሚያስችል አቅም ስታገኝ ወዲያውኑ ነው። ገጹን ዘግታዋለች። እፀገነት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ሸኘቻት።

የኔታ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ድምጿን ሲሰሙ ተነሱ፤ እጃቸውን ዘርግተው ሲፈልጓት ጄሶውን ነኩ። በጣታቸው ጫፍ እስከ ክርኗ ድረስ ዳበሱት። ፊታቸው ጠቆረ።

ከጎጆው ውስጥ የአርሴማ ድምፅ መጣ። «ትግባ። እህቷ ግን ትቅር።»

ወይንእሸት ጎንበስ ብላ ገባች። የኔታም ተከተሉ። በሩ ተዘጋ። እፀገነት አጥሩ ጋ ቀረች። ትንሽ ጠጋ ብትል ሊሰማ የሚችል ንግግር ነበር፤ የሴት ድምፅ ከፍ ሲል፣ ሲቋረጥ፣ እንደገና ዝቅ ሲል። እፀገነት ጥቂት ቆመችና ወደ ተማሪዎቹ ዛፍ ሄዳ ተቀመጠች፤ የነሱ ዜማ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ወይንእሸት ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። 

«ምን አለችሽ?» አለች እፀገነት።

«አልነግርሽም» አለች ወይንእሸት።

እፀገነት ሌላ አልጠየቀችም።

ሰማው በዋስ ወጣ። ጉዳዩ ከተጣራ በኋላ ወይንእሸት መድኃኒት ከሚሰጥበት ክፍል ተነስታ ወደ ካርድ ክፍል ተዛወረች። የሐኪሙን ያህል የምታውቀው ነገር ነውና ጣቶቿ እንደ ድሮው እንደማይታጠፉ ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች።

ሞጣ የምትመለስ ዕለት እፀገነት በጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት። አውቶቡሱ ከወጣ በኋላ ወደ ቤት ልትመለስ ስትዞር፣ በወዲያኛው በኩል «ደጀን፣ ደጀን» የሚባልበት ሚኒባስ አጠገብ ነጭ ጥምጥም አየች።

የኔታ ቆመዋል። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ሆኖ የተጠቀለለ ፍራሽና አንድ ትልቅ ማዳበሪያ ተቀብሎ እያሰረ ነው። ደርሶ ለሚመለስ ሰው የሚሆን ጓዝ አይደለም። አርሴማ ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ ተከናንባ የአያቷን እጅ ይዛለች። ከስታለች። ዞር ስትል ዓይኗ ከእፀገነት ዓይን ጋር ገጠመ።

እፀገነት ሮጣ ልትደርስባት፣ ልታቅፋት፣ የት ነው የምትሄዱት ልትላት ፈለገች። እግሯ አንድ እርምጃ ሄደ። አርሴማ አልሳቀችም፤ ፊቷንም አላጠቆረችም። ራሷን በጣም በትንሹ፣ ሌላ ሰው በማያየው ሁኔታ፣ ወደ ጎን ነቀነቀች። እፀገነት ባለችበት ቆመች።

አርሴማ የአያቷን እጅ በሩ ብረት ላይ አስቀመጠችላቸው፤ እየደገፈች አስገባቻቸው፤ እሷም ገባች። ሚኒባሱ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ደጀን ይቀሩ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግረው ይቀጥሉ፣ እፀገነት አላወቀችም።

ሰኞ ዕለት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር ስጦታው መጥቶ ባዶው ቦታ ላይ፣ ከእፀገነት ጎን ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ እዚያ የተቀመጠ እሱ የመጀመሪያው ነው። ስልኩን በእጁ ይዟል።

«የየኔታ ጎጆ ባዶ ነው አሉ» አላት። «ተማሪዎቹ ሁሉ ተበትነዋል። ግሩፑ ላይ ሰው ሁሉ የት ሄዱ እያለ ነው። አንዱ አንቺን መናኸሪያ ጋ ቆመሽ እንዳየሽ ጽፏል።»

«እህቴን ልሸኝ ሄጄ ነው።»

«እነሱን አላየሽም? በየት በኩል እንደሄዱ?»

ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ጆሯቸውን ጥለዋል። ሀብትነሽ ዞራ እያየች ነው። እፀገነት ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ገለጠች፤ ቀኑን ጻፈች፤ ከሥሩ አሰመረች።

«አላየኋቸውም» አለች።

ስጦታው ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተው።